ባለ ማንኪያው መምህር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወግ ረዘም ይላል፤ ባሕር ያሻግራል፣ በብርድ አገር ያስጉዛል፣ ከዚያም ከድሆች አልጋ አጠገብ ወስዶ ብዙ ሰዓት ያቆማል፤ እናም የቸኮለ ካለ ከወዲሁ ይሂድ፣ ያልቸኮለ ግን ጋቢውን ያጣፋና ያድምጥ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ የሕክምና መምህር ነው። ስሙ ሪቻርድ ብራይት፣ አገሩ እንግሊዝ፣ ዘመኑም ሩቅ ነው፤ በእኛ አገር መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ ተወልዶ ዐፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ ያረፈ ሰው ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና እናንተው ያዙልኝ፣ በየመሐሉ አልደጋግመውም።

ልጁ በ1789 ብሪስቶል በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴም የባንክ ሰውም ነበሩ፣ ቤቱም የሞላ ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ ብሪስቶል የከበረችው በመርከብ ንግድ ነው፣ የመርከቡም ንግድ ከካሪቢያን ደሴቶች ስኳር ጋር፣ ስኳሩም ከአፍሪካ በግፍ ተጭነው ከሄዱ ሰዎች ላብ ጋር የተሳሰረ ነበር፣ የብራይት ቤተሰብ ሀብትም ከዚያ ነጻ አልነበረም። ይህን የማነሳው ልጁን ለመክሰስ አይደለም፤ ወግ ከነእድፉ ሲወራ ነው ወግ የሚሆነው። እንግዲህ ልጁ አደገ፣ ከዚያም በ1808 ወደ ሰሜን፣ ወደ ስኮትላንድ ተጉዞ ኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ መጀመሪያ ፍልስፍናና ሒሳብ ተማረ፣ በቀጣዩ ዓመትም ሐሳቡን ለወጠና ወደ ሕክምና ዞረ።

ሕክምናውን ገና ከመጀመሩ ግን መንገድ ጠራው። በ1810 ሰር ጆርጅ ማኬንዚ የተባሉ ባላባት አይስላንድን ለማጥናት ሲነሡ ሁለት ወጣቶችን አስከተሉ፣ አንዱ ሄንሪ ሆላንድ ነበር፣ ሁለተኛው ይኸው የእኛው ብራይት። ዕድሜው ገና 20 ነበር። ባሕሩን ተሻገሩ፣ ከዚያም በበጋ እንኳ ብርዱ አጥንት ወደሚነካበት፣ ሌሊቱም በቅጡ ሳይጨልም ወደሚነጋበት ወደዚያ ደሴት ወረዱ። ፈረስ ተከራይተው፣ ቀልጦ የጠጠረውን ጥቁር ድንጋይ እየረገጡ፣ ዝናብ ሲመጣ እየተጠለሉ፣ ሲያባራ እየተነሡ ሄዱ፣ ሄዱና ፍል ውሃ ከምድር ሆድ ተወርውሮ ሰማይ ሲመታ አዩ፣ ሄክላ የሚባለውንም የእሳተ ገሞራ ተራራ ወጡ። ሌላው ሰው በፍል ውሃው ሲደነቅ ብራይት ጎንበስ ብሎ ሣሩን ይለቅማል፣ ወፉን ይቆጥራል፣ ያየውን በወረቀት ይነድፋል። ጉዞው በ1811 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ስለ ደሴቱ ዕፅዋትና እንስሳት የተጻፈው ከእሱ ማስታወሻ ነበር። ይህችን ጎንበስ ማለቱን ልብ አድርጉልኝ፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያልተዋት ጠባዩ ናትና።

ከዚያ ለንደን ወርዶ በጋይስ ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ አጠገብ መቆምን ተለማመደ፣ በ1813ም ከኤድንበራ በሐኪምነት ተመረቀ። ተመረቀና ደግሞ መንገድ ናፈቀው። አውሮፓ በናፖሊዮን ጦርነት ደክማ ነገሥታቱ ቪየና ላይ ካርታ ለመከፋፈል በተሰበሰቡበት ክረምት እሱም ቪየና ነበር፣ ነገሥታቱ ሲጨፍሩ እሱ ሆስፒታሎቹን ይዞር ነበር፣ ከዚያም በሠረገላ ተሳፍሮ ወደ ሃንጋሪ ገባ። በጭቃው መንገድ፣ በወይኑ ተክል መካከል፣ በባላተን ሐይቅ ዳር አድርጎ ተጓዘ፣ ገበሬው ምን እንደሚያርስ፣ ግብር ስንት እንደሚከፍል ጠየቀ፣ ሮማ የሚባሉትን ተንከራታች ሕዝቦች ቋንቋ እንኳ ቃል በቃል ለቀመ፣ ይህንንም ሁሉ በ1818 በገዛ እጁ ከነደፋቸው ሥዕሎች ጋር ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሲመለስ ደግሞ በ1815 በጋ መንገዱ በብራስልስ በኩል ነበር። የዋተርሉ ውጊያ ካበቃ ገና ሳምንታት አልፈው ነበርና የከተማይቱ ሆስፒታሎች በቁስለኞች ታጭቀው ነበር። በቪየና ጭፈራውን ያየ ዓይን በብራስልስ ዋጋውን አየ።

ለንደን ተመልሶም ዕረፍት አላገኘም። በትኩሳት ሕሙማን ሆስፒታል ሲሠራ ትኩሳቱ ራሱ ያዘውና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በ1820 ጋይስ ሆስፒታል ረዳት ሐኪም አድርጎ ወሰደው፣ በ1822 የሆስፒታሉን አንጋፋ ሐኪም የዶክተር ባቢንግተንን ልጅ አገባ፣ በቀጣዩ ዓመትም ሚስቱ ከወሊድ በኋላ ሞተችና ሕፃን ታቅፎ ቀረ። በቤታችን እንዲህ ያለውን ሐዘን የማያውቅ ስለሌለ ብዙ አልልበትም። በ1824 ሙሉ ሐኪም ተባለ፣ በሆስፒታሉ የሕክምና ትምህርት ቤትም አስተማሪነቱ ጸና። እስካሁን አንተ እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ከእንግዲህ ግን መምህር ናቸውና አንቱ ልበላቸው።

ጋይስ ሆስፒታል ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ከለንደን ድልድይ በደቡብ በኩል ነው። ያቋቋሙት ቶማስ ጋይ የሚባሉ መጽሐፍ ቅዱስ በመሸጥ ንግድ የጀመሩ ሰው ነበሩ፣ ሕሙማን መቀበል የጀመረውም በ1725 ነው። ወደዚያ የሚመጣው ሀብታም አይደለም፤ ሀብታም ሐኪሙን ቤቱ ያስጠራ ነበርና። የሚመጣው መርከበኛው፣ ሸክም ተሸካሚው፣ አጣቢዋ፣ በጭጋግና በከሰል ጢስ መሐል የሚውለው የወንዝ ዳር ድሃ ነበር።

ከእነዚያ ድሆችም ብዙዎቹ አብጠው ይመጡ ነበር። ጠዋት ሲነሡ ዓይናቸው ሥር ያብጣል፣ ከዚያ እግራቸው፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ እግራቸውን ጫን ሲል ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ይህ የውሃ እብጠት ይባል ነበር፣ በዚያን ዘመንም ራሱን የቻለ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሐኪሞች ደም ያፈሱለት ነበር፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጡት ነበር፤ ዊልያም ዊዘሪንግ የተባሉት ሐኪምም በ1785 ፎክስግሎቭ የሚባለው አበባ ቅጠል እብጠቱን እንደሚያጎድል ጽፈው ነበር። ነገር ግን ቅጠሉ አንዱን ያድናል፣ ሌላውን አይነካውም። ሁለቱም አብጠዋል፣ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ወስደዋል፣ አንዱ ቤቱ ይገባል፣ አንዱ መቃብር ይወርዳል። ለምን? እንግዲህ መምህሩ ቁጭ ብለው ያሰቡት ይህችን ለምን ነው።

አሁን ሥራቸውን ላሳያችሁ። ብራይት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይቆማሉ፣ ተማሪዎቹም ዙሪያውን ይከባሉ። ከበሽተኛው ሽንት ጥቂት በማንኪያ ይቀዳል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ ማንኪያው ከነበልባሉ በላይ ይያዛል፣ እናም ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። የጤነኛ ሰው ሽንት ቢሞቅ ጠርቶ ይቀራል። የእነዚያ ያበጡ ድሆች ሽንት ግን ሲሞቅ ይደፈርሳል፣ ይነጣል፣ አንዳንዱም መጥበሻ ላይ እንደተሰበረ እንቁላል ይረጋል። በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው ዓይነት ንጥረ ነገር፣ አልቡሚን የሚሉት፣ በደም ውስጥ መቅረት ሲገባው በሽንት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ሽንት ሲሞቅ እንደሚረጋ ያዩት የመጀመሪያው ሰው ብራይት አይደሉም። ዶሜኒኮ ኮቱኞ የተባሉ የኔፕልስ መምህር ከእሳቸው በፊት አይተውታል፣ በእንግሊዝም ጆን ብላካል በ1813 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፈዋል። የሌላውን ድርሻ ለአንድ ሰው ማሸከም ነውር ነው። የብራይት ድርሻ ሌላ ነው። እሳቸው ከአልጋው አጠገብ ያዩትን ይዘው፣ በሽተኛው ሲሞት ደግሞ ወደ አስከሬን መመርመሪያው ክፍል ይወርዱ ነበር። በሕይወት ሳለ ሽንቱ የረጋውን ሰው ሲከፍቱት ኩላሊቱ ታሞ ያገኙታል፤ አንዱ ገርጥቶ ተልቋል፣ ሌላው ጠጥሮና ተኮማትሮ ላዩ ሻክሯል። ሌላም ይከፍታሉ፣ ሌላም፣ እናም ያው ነው። እብጠቱ፣ የሚረጋው ሽንትና የታመመው ኩላሊት አንድ ታሪክ ሆኑ። እብጠቱ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አልነበረም።

ይህንን በ1827 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ አወጡት፣ ሁለተኛውም ቅጽ በ1831 ተከተለ። የታመሙትን ኩላሊቶች በቀለም አሣልተው፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎንም የሰውየውን ታሪክ አስፍረው ነበር፤ ምን ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንዳበጠ፣ ምን እንደተሰጠው፣ እንዴት እንደሞተ። በዚያ መጽሐፍ የኬሚስትሪ ዕውቀት ያላቸው ጆን ቦስቶክ አብረዋቸው ደክመዋል። ቦስቶክ ደሙን መረመሩ፣ እናም በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪያ የተባለው ቆሻሻ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ፣ በደም ውስጥ መቅረት የነበረበት አልቡሚን ደግሞ ጎድሎ አገኙት። የሚቀረው ወጣ፣ የሚወጣው ቀረ። የኩላሊት ሕመም ማለት እስከ ዛሬ ድረስ በአጭሩ ይኸው ነው።

መምህሩ እዚያ ላይ አልቆሙም። በ1836 የ100 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስበው አሳተሙ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ነገር አዩ፤ ኩላሊታቸው የተኮማተረ ሰዎች የልባቸው ግራ ክፍል ወፍሮ ነበር፣ የእጃቸውም ትርታ ጠንካራ ነበር። የሰውን የደም ግፊት በአልጋው አጠገብ የሚለካ መሣሪያ ገና አልነበረም፣ ስሙም አልወጣም፣ እሳቸው ግን በጣታቸው ዳስሰው ደርሰውበት ነበር። እኛ ልብና ኩላሊትን የሚመረምር ፈጣሪ ነው እያልን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስንጠራ ኖረናል፤ ያ መምህር ደግሞ አንዱ ሲታመም ሌላው እንደማይተርፍ በአስከሬን ጠረጴዛ ላይ አዩ።

ከዚያም በ1842 ሆስፒታሉ ለስድስት ወር ሁለት ክፍሎችን፣ በድምሩ 42 አልጋ፣ ለኩላሊት ሕሙማን ብቻ ለየላቸው፣ አጠገቡም ትንሽ ላቦራቶሪ ተሰጣቸው። አንድን በሽታ ብቻ ለማጥናት አልጋ፣ ላቦራቶሪና ተማሪ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዛሬ በየሕክምና ኮሌጁ አስተማሪው ጠዋት አስተምሮ፣ እኩለ ቀን በሽተኛ አይቶ፣ ከሰዓት ላቦራቶሪ ሲገባ የምታዩት ልማድ መንገዱ በእነዚያ ክፍሎች ያልፋል። በዚያው ትምህርት ቤት ቶማስ አዲሰንና ቶማስ ሆጅኪንም ያስተምሩ ነበር፤ የሦስቱም ስም በየበሽታው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የብራይት በሽታ ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ የኩላሊት ሕመም ማለት ነበር።

እንግዲህ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ያወቁ ሰው ስንቱን አዳኑ? መልሱ ይከብዳል። ጥቂት ነው። ደም ማፍሰሱም፣ የሚያስቀምጠው መድኃኒትም፣ ሙቅ መታጠቢያውም የተኮማተረ ኩላሊትን አይመልስም ነበር፣ በዘመኑ ለሁሉ ነገር የሚታዘዘው ሜርኩሪም እነዚያን ሕሙማን ይብስ እንደሚጎዳ ስላዩ አስጠነቀቁ። መድኃኒቱ በእጃቸው እንደሌለ አልሸሸጉም። በስም ገናና ነበሩ፣ በ1837 የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም ተብለው ተሹመው ነበር፣ ቢፈልጉ ኖሮ ፈውስ አለኝ ብለው በሀብታሞች ቤት መክበር ይችሉ ነበር። አላሉም። ተማሪውን አልጋው አጠገብ አቁመው እይ፣ ጻፍ፣ ከሞተም በኋላ ተከተለው አሉት። እኔ የእሳቸውን ትልቅነት ከንግሥቲቱ ሹመት ይልቅ እዚህ ላይ ነው የማየው።

ሌላም ዕዳ አለብን። በዚያ መጽሐፍ የተሣሉት ኩላሊቶች የመርከበኛና የቀን ሠራተኛ ኩላሊቶች ናቸው። ያ ሁሉ ዕውቀት የተቀዳው ከእነዚያ ድሆች ነው። ሐኪሙን ስናመሰግን እነሱንም ነፍስ ይማር እንበል።

ብራይት በታኅሣሥ 1858 በ69 ዓመታቸው በልብ ሕመም አረፉ። የሌሎችን ሰዎች ገላ ሲመረምሩ የኖሩት ሰው የእሳቸውም ገላ ተመረመረ፣ ከልባቸው ቱቦዎች የአንዱ መዝጊያ ጠጥሮና ጠብቦ ተገኘ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ቀስ በቀስ ለምኑን አብራሩት። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፣ ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው አብዛኛውን ይመልሳሉ፣ ለሽንት የሚተዉት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ማጣሪያዎቹ ሲጎዱ የቀሩት የሌላውን ሥራ ደርበው ይሠራሉ፣ ስለዚህም ሰውየው ምንም አያመውም፣ እየበላ እየጠጣ፣ እየሠራ እየሳቀ ይኖራል፣ ሕመሙ ሲሰማው ግን አብዛኛው ነገር አልፏል። በ1940ዎቹ ቪለም ኮልፍ የተባሉ የኔዘርላንድ ሐኪም በጀርመን ወረራ ሥር ሆነው የኩላሊት እጥበት ማሽን ሠሩ፣ በ1954 ቦስተን ላይ ጆሴፍ መሪ ከመንታ ወንድም ለመንታ ወንድም ኩላሊት ነቅለው ተከሉ፣ በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ።

ነገር ግን በእኛ መንደር የሚሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈሩ ታልፋለች፣ በጎኗ የአንድ ወጣት ፎቶ ተለጥፏል፣ ድምፁም ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ እጃችሁን ዘርጉለት ይላል፣ እኛም ኪሳችንን እንዳብሳለን፣ ያለን እንሰጣለን፣ ከንፈራችንን እንመጣለን። ቤተሰቡ ላም ሸጧል፣ ቀጥሎ ቤት ይሸጣል፤ እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነውና፣ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ንቅለ ተከላ እስካልተገኘ ድረስ ማቆሚያ የለውምና። እርዳታው ደግ ነው፣ አይቋረጥ። የሚያሳዝነው ግን ያ ወጣት ከዓመታት በፊት ሽንቱን ቢመረመር ኖሮ መኪናዋ ሳትነሣ ልትቀር ትችል እንደነበር ነው።

ዛሬ ሻማ አያስፈልግም። በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አንዲት ቀጭን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ትነከራለች፣ አልቡሚንን የመሰለ ፕሮቲን ካለ ቀለሟን ትለውጣለች፣ አለቀ። ብራይት ያልነበራቸው መድኃኒትም ዛሬ አለ፤ ኢናላፕሪልን የመሰሉ የግፊት ክኒኖች በሽንት የሚፈስሰውን ፕሮቲን ይቀንሳሉ፣ የኩላሊቱንም መድከም ያዘገያሉ፣ ያውም በጊዜ ከተጀመሩ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬድኳችሁ ለዚህ ነው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ በቤተሰቡ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ምንም ባያመው እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱንና ደሙን ይመርመር፣ ግፊቱንም ይለካ። ወገቤን አመመኝ እያላችሁ ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የምትውጡም ተዉት፣ እሱም ኩላሊት ይጎዳል። ጠዋት ፊቱ፣ ማታ እግሩ የሚያብጥ ሰው ቤታችሁ ካለ ብርድ ነው፣ ድካም ነው ብላችሁ አታሳድሩት። አባት እናቶቻችሁንም እጃቸውን ይዛችሁ ውሰዷቸው፤ እነሱ አላመመኝም ይሏችኋል፣ እናንተ ግን ኩላሊት ሳያም እንደሚደክም ዛሬ ሰምታችኋል።